ሆድ ካገር ይሰፋል፤ ጨጓራስ?

ነገሩ የሆነው ክርስትና ቤት ነው። የድግስ ቤት ወግ ታውቃላችሁ። ድንኳኑ፣ ዶሮው፣ ክትፎው፣ ጠላው፣ ከዚያም «ብሉ እንጂ፣ ምነው አልበላችሁም» የሚለው የማያባራ ልመና። በዕድሜ ስለምትበልጠን ሁላችንም «እትዬ» የምንላት ዘመዳችን አጠገባችን ተቀምጣለች። ከአምስት ሳምንት በፊት ውጭ አገር ሄዳ ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና አስቀንሳ ተመልሳለች። በዚያ ቤት ይህን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። ሳህኗ ላይ ያለው ሁለት ማንኪያ አይብ ነው፤ እሱኑ በትዕግሥት ታላምጣለች።

የቤቱ እመቤት ሳህኗን አዩ። «ምነው የኔ ልጅ፣ ቤቴን ጠላሽው እንዴ?» አሉ። «ኧረ እማማ፣ በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።» ማን ሊሰማ! ዶሮ ወጥ በእንጀራ ተጠቅልሎ መጣ። «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ዋጠች። «አንድማ ያጣላል!» ሁለተኛውም መጣ። ዋጠች። ሣቁ ደመቀ፤ ጭብጨባ ሁሉ ነበር። ሦስተኛውን ጉርሻ ማን አጎረሳት መሰላችሁ? እኛ ነን። የምናውቀው እኛ! ጨዋታው ይዞን፣ ከሰው ላለማነስ፣ ጠቅልለን አቀረብንላት። እሷም ይሉኝታ ይዟት ጎረሰች።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከጓሮ አገኘናት፤ ግድግዳ ተደግፋ ታስመልሳለች። በማግስቱም፣ በሠልስቱም ውሃ እንኳ አልረጋላት አለ፤ ሐኪም ቤት ገብታ ግሉኮስ ተተከለላት። ልንጠይቃት ስንሄድ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል «አስቸገርኳችሁ፣ ይቅርታ» የሚል ነበር። እሷ እኛን ይቅርታ ጠየቀች!

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የንስሐ ጽሑፍ ነው። ግን ብቻችንን አንገባም፤ እናንተንም ይዘን ነው የምንገባው። ምክንያቱም ሰው ክብደት ለመቀነስ ጨጓራውን ሲያስቆርጥ የሚቆረጠው የእሱ ጨጓራ ብቻ ነው፤ የእኛ ልማድ አንድ ሚሊ ሜትር አይነካም። ጠቡ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የሚቆረጠው ምንድን ነው?

ሰው ስለማያውቀው ነገር ሲያወራ ሰምተን ሰልችቶናልና እስቲ መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው «ስሊቭ» ይባላል። ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው እንደ ሙዝ ቀጠን ያለ ቱቦ ነው። ሁለተኛው «ባይፓስ» ነው። ከጨጓራው ጫፍ ትንሽ ከረጢት ትለይና ከትንሹ አንጀት ጋር ትገጠማለች፤ ምግቡ ቀሪውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ዘሎ ያልፋል። ትናንት የመጣ ፋሽንም አይደለም፤ ጨጓራን በዚህ መንገድ ማለፍን ኤድዋርድ ሜሰንና ቺካሺ ኢቶ አሜሪካ አዮዋ ውስጥ የጀመሩት በ1966 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን መጠኑን አስቡት። የባይፓሷ ከረጢት ስትሠራ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ብትይዝ ነው። የቡና ሲኒያችንን ግማሽ እንኳ አትሞላም። የስሊቩ ቱቦ መጀመሪያ ላይ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ቢይዝ ነው፤ ይህም ሁለት ሲኒ ቡና ገደማ ማለት ነው። እንግዲህ የእኛን አገር ጉርሻ፣ ያንን አፍ የሚሞላውን፣ ዓይን የሚያስፈጥጠውን ጉርሻ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ሆድ ካገር ይሰፋል ብለው አባቶቻችን የተረቱት ስለ ትዕግሥትና ስለ ምሥጢር እንጂ ስለ ዶሮ ወጥ አልነበረም።

የቅበላ ነገር

ሐበሻ ጾም ሲመጣ ምን ያደርጋል? ይቀበላል። ከሁዳዴ በፊት ሥጋ ቤቱ ይጨናነቃል፤ ሁለት ወር ሊጠጋ የሚናፍቀንን በሁለት ቀን ልንጨርሰው እንታገላለን። ይህ ልማድ እስከ ቀዶ ሕክምና በር ድረስ ይከተለናል። «ከእንግዲህማ አትበይም፤ እስቲ የመጨረሻ ጥሬ ሥጋ እንጋብዝሽ» እያለ ወዳጅ ዘመድ በየተራ ያወጣታል። እትዬም ከመሄዷ በፊት ባለው ሳምንት አራት የስንብት ግብዣ በልታለች። በአንዱ ላይ እኛም ነበርን፤ ሒሳቡንም ተካፍለን ከፍለናል፤ ደግ የሠራን መስሎን።

ሐኪሞች ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያሉትን ሁለት ሳምንታት ገደማ የሚያዝዙት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ካሎሪውም፣ ስኳርና ዱቄቱም የቀነሰ፣ ፕሮቲን ያለው ምግብ። ምክንያቱ ቅጣት አይደለም። ብዙ ክብደት ያለው ሰው ጉበቱ ስብ ይዞ ያብጣል፤ የጉበት ግራ ጎን ደግሞ ልክ ጨጓራው ላይ ነው የሚተኛው። ቀዶ ሐኪሙ በትንሽ ቀዳዳ መሣሪያ አስገብቶ ሲሠራ ያን ጉበት ማንሳት አለበት። ያበጠ ጉበት ሲነካ ይደማል፣ መንገድ ይዘጋል፣ አንዳንዴም ሥራውን ጭራሽ ያስቆማል። ሁለት ሳምንት በወጉ የበላ ሰው ግን ጉበቱ ይቀንሳል። እንግዲህ የስንብት ግብዣ ስንጋብዝ ምን እያደረግን ነው? የቀዶ ሐኪሙን እጅ እየያዝን ነው።

ደግሞ እነዚያ ሳምንታት የልምምድ ጊዜም ናቸው። ትንሽ ጎርሶ ደጋግሞ ማላመጥ፣ ምግብና መጠጥ መለየት፣ ለስላሳና አምቦ ውሃ መተው፣ ሲጋራ ማቆም። ሰላሳና አርባ ዓመት ሲፋጠን የኖረ አፍ ቀዶ ሕክምናው በተደረገ ማግስት ጨዋ አይሆንም። ሠርግ ያለ ሽምግልና እንደማይሆነው ሁሉ ይህም ያለ ዝግጅት አይሆንም።

ከዚያ በኋላስ?

ከዚያ በኋላማ ሰው እንደ ሕፃን መብላት ይማራል። መጀመሪያ ውሃና የጠራ መረቅ፣ ቀጥሎ ወፈር ያለ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ የተፈጨ፣ ቀጥሎ ለስለስ ያለ፣ በመጨረሻ የደህና ሰው ምግብ። ሁሉም በሳምንታት የተከፋፈለ ነው፤ እንደ ሐኪሙም ይለያያል። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን እንዲገባ ይታዘዛል፤ በዚያች ጠባብ ቦታ! ስለዚህ ሕጉ «መጀመሪያ ፕሮቲን» ነው። እንቁላሉ፣ ዓሣው፣ አይቡ፣ ዶሮው ይቀድማል፤ እንጀራው ቦታ ከተረፈ ይመጣል። እንጀራ ላይ ወጥ ጨምሮ ለሚያድግ ሰው ይህ የዓለም መገልበጥ ነው። እኛ «ምን በላሽ?» ስንባል «እንጀራ» የምንል ሕዝብ ነን። ወጡን አንጠራውም።

ውሃም ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። ባይፓስ የተሠራለት ሰው ስኳር የበዛበት ነገር ቢወስድ ጣጣው ሌላ ነው። ስኳሩ ወደ ትንሹ አንጀት በአንዴ ሲወርድ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይደልቃል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ተቅማጥ ያስከትላል። እንግዲህ በእኛ አገር የታመመ የሚጠየቀው በምንድን ነው? በጁስ፣ በለስላሳ፣ በማር። አልኮልም ከባይፓስ በኋላ ቶሎ ወደ ደም ይገባል፤ ትናንት ሦስት ብርሌ ጠጅ የማይበግረው ሰው ዛሬ በአንዱ ሊንገዳገድ ይችላል። «አንድ ብርሌ ምን ያደርግሃል?» የምትሉ ወዳጆች፣ መልሱ ይኸው።

ቫይታሚኑ ደግሞ የዕድሜ ልክ ነው። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፤ ደምም በየጊዜው ይመረመራል። ትውከቱ ከቆየ ቢ1 የተባለው ቫይታሚን ያልቅና አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። እትዬ ግሉኮስ ተተክሎላት ሳለ ሐኪሟ ተቆጥተው የነገሩን ይህንኑ ነበር። «ሁለት ጉርሻ ነው፣ ምን አላት!» ያሉ ዘመዶች አጠገባችን ቆመው ነበር። ሦስት መሆኑን የምናውቀው እኛ ዝም አልን።

ስለ ጾም ሳንናገር አናልፍም፤ ሳንነካውም እንዳንነካካ እንጠነቀቃለን። ጾምን የምንቃወም አይደለንም። ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ ትልቅ ማዕድ ላይ መቀመጥ ለሁለት ሲኒ ጨጓራ የሚሆን አበላል አይደለም። ከእንስሳ ተዋጽኦ መራቅም ከፕሮቲኑና ከቢ12ው ጋር ሒሳብ ያስፈልገዋል። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ፕሮቲን አላቸው፤ ቢ12 ግን የላቸውም። ስለዚህ ሰውየው ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይነጋገር፤ ሙስሊሙም እንዲሁ፤ ቁርኣን ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል። የማይገባው ነገር ጎረቤት በመሐል ገብቶ «አንቺ ጾም ሻርሽ እንዴ?» ማለቱ ነው። ማን ዳኛ አደረገው?

«አፏን ብትዘጋ አይሻልም ነበር?»

ይህች አባባል ሁሌም አለች። የቀዶ ሕክምና ነገር በተነሳ ቁጥር ከጥግ ብቅ ትላለች። «ሰነፍ ናት፤ ስፖርት ብትሠራ!» «ገንዘብ ያለው ላቡን በገንዘብ ይገዛል!»

ለመሆኑ ክብደት ሲቀንስ ሰውነት ዝም ብሎ የሚያይ ይመስላችኋል? ረሃብን ለአንጎል የሚናገር ግሬሊን የሚባል ሆርሞን አለ፤ የጃፓን ተመራማሪዎች ያገኙት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዳይት የከሳ ሰው ግሬሊኑ ይጨምራል፤ ሰውነቱ «ተርበሃል፣ ብላ» እያለ ይጮኽበታል። ስሊቭ ሲሠራ ግሬሊን በብዛት የሚመረትበት የጨጓራ ክፍል አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ሥራው ከረጢት ማጥበብ ብቻ አይደለም። ስዊድኖች ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምረው ከ4,000 በላይ ሰዎችን ተከታትለው በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላቸው ይልቅ ከተደረገላቸው መካከል የሞቱት ያነሱ ነበሩ። የተለመደውን ሕክምና ብቻ ያገኙት ሰዎች ክብደት በአማካይ ከሁለት በመቶ በላይ አልተለወጠም። ሁለት በመቶ! «አፏን ብትዘጋ» የምትሉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ጥናት ካላችሁ አምጡ፤ ከሌላችሁ አፋችሁን እናንተ ዝጉ።

ይህ ማለት ግን ቀዶ ሕክምናው ለሠርግ ቀሚስ ነው ማለት አይደለም። በ1991 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣው መመሪያ ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ካሬ ተካፍሎ ውጤቱ 40 ለደረሰ፣ ወይም 35 ደርሶ ሌላ ሕመም ላለበት ሰው ነበር የሚፈቅደው። በ2022 ዓለም አቀፉና የአሜሪካው የሙያ ማኅበራት ተስማምተው ወደ 35 አወረዱት፤ እንደ ስኳር በሽታ ያለ ሕመም ላለበት ደግሞ ከ30 ጀምሮ እንዲታሰብ አሉ። አምስት ኪሎ ለመጣል ጨጓራ ይቆረጥልኝ የምትል እህታችን፣ ተይ ብለን እንመክርሻለን።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ይህኛው ከባድ ነው። «ሰው በሚራብበት አገር ስለ ውፍረት ታወራላችሁ?» እናወራለን። የ2016 እ.ኤ.አ. አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶቻችን 22 በመቶው ከሚገባው በላይ ቀጫጭን፣ 8 በመቶው ደግሞ ከሚገባው በላይ ወፍራም መሆናቸውን አሳይቷል። የመጀመሪያው ቁጥር ያሳፍረናል፤ ሁለተኛውን ግን አይሰርዘውም። የራበው ሰው የሚጠግበው ስኳር በሽታ ያለባትን ሴት ስናፌዝባት አይደለም። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ውፍረትን «ተመችቶሻል፣ አምሮብሻል» ብለን የምናወድስ፣ የከሳን ሰው «ምን ነካሽ፣ ምርመራ አድርገሻል?» እያልን የምንጠረጥር ሕዝብ ነን። እትዬ በሦስተኛው ወር ፀጉሯ ሲረግፍ ሰፈሩ ያወራው ምን እንደነበረ ብንጽፈው ያሳፍራል። ክብደቱ ቶሎ ሲወርድ ፀጉር መሳሳቱ የሚጠበቅ መሆኑን፣ አብዛኛውን ጊዜም ተመልሶ እንደሚበቅል የሚነግራቸው አልነበረም።

የእኛ ሙያ ኃጢአት

ጋዜጠኝነት ተምረናል ብለን ስለምንኩራራ ራሳችንንም እንጥቀስ። ስለዚህ ጉዳይ የሚዲያው ዓለም የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ «በፊት እና በኋላ» የሚል ሁለት ፎቶግራፍ። በግራ ወፍራም ሴት፣ በቀኝ ቀጭን ሴት። ማኅበራዊ ሚዲያው በዚህ ማስታወቂያ ተጥለቅልቋል፤ አውሮፕላኑ፣ ሆቴሉና ቀዶ ሕክምናው በአንድ ዋጋ፣ በጥቂት ቀናት ሄዶ መመለስ። በሁለቱ ፎቶግራፎች መካከል ያለችውን «እና» የምትባል ቃል ግን የሚጠይቅ የለም። የመከራው ቦታ እሷ ናት። ከበፊት ወደ በኋላ የሚወስደው መንገድ፣ አምስተኛው ሳምንት፣ ማንኪያዋ አይብ፣ በሌሊት የሚመጣው ትውከት፣ ክርስትና ቤቱ፣ ሁሉም ያለው «እና» ውስጥ ነው።

እትዬ ከሄደችበት ሐኪም ቤት ስትመለስ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። የምትበላቸው ምግቦች ዝርዝር ነው፤ በባዕድ ቋንቋ። ብሮኮሊ አለ፣ የግሪክ እርጎ አለ፣ ስሙን ሰምተን የማናውቀው ዓሣ አለ። ሽሮ የለም። ምስር ክክ የለም። አጥሚት የለም፤ ስለዚህ እናቷ ከበሶና ከማር አዘጋጅተው በቀን ሦስት ጊዜ አመጡላት፤ አዎ፣ ፈሳሽ ነው፤ ግን ስኳርና ዱቄት ነው፣ ፕሮቲኑ ከቁጥር አይገባም። እናት ምን ያጠፋሉ? የሚያነቡት ወረቀት አልተሰጣቸውም። ከተመለሰች በኋላ ደግሞ የሚደውልላት የለም። ገንዘቡ ሲከፈል ስልኩ ሌሊትም ይነሳ ነበር።

ታዲያ ምን ይሁን?

አንደኛ፣ ሰው ወደ ውጭ ልኮ የሚያስቆርጥ አገናኝ ሁሉ ሰውየው ሲመለስ ማን እንደሚከታተለው ሳይነግረው ገንዘብ አይቀበል። ሁለተኛ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያዎቻችን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ የእኛን ማዕድ የሚያውቅ ወረቀት ይጻፉልን፤ አይቡ ስንት ማንኪያ፣ ሽሮው ቀጥኖ መቼ፣ እንጀራው ስንተኛው ወር ላይ። ሦስተኛ፣ አዋቂው ራሱ ይናገር። «ቀዶ ሕክምና አድርጌያለሁ፣ ትንሽ ነው የምበላው» ማለት ነውር አይደለም። የደበቀችበት ምክንያት እኛ መሆናችንን ብናውቅም እንዲህ እንላታለን።

አራተኛውና ዋናው የእኛና የእናንተ ነው። «ጉርሻ ባህላችን ነው፣ ልታስቀሩብን ነው?» ትሉ ይሆናል። አናስቀርም። ጉርሻን እንወዳለን፤ ያደግነው በእናቶቻችን እጅ ነው። ግን ጉርሻ የፍቅር ምልክት ከሆነ ፍቅር ደግሞ ይጠይቃል፣ ያያል፣ «በቃኝ» ሲባል ይሰማል። የሰውን አፍ «በሞቴ» ብሎ ማስከፈት ምን ዓይነት ፍቅር ነው? ሟቹ እኮ አጉራሹ አይደለም።

ባለፈው እሑድ እትዬ ዘንድ ሄድን። ዘጠነኛ ወሯ ነው። የስኳር መድኃኒቷን ሐኪሟ ቀንሰውላታል፤ ደረጃውን ሳታርፍ ትወጣለች። ቡና ተፈላ፤ ሲኒዋን ያለ ስኳር አነሳች። ገበታ ሲቀርብ እጃችን እንደ ልማዱ ጠቅልሎ ተዘረጋና መሐል ላይ ቆመ። አየችን፤ ሣቀች። «እስቲ ላጉርሳችሁ» አለችና ያንኑ ጉርሻ ከእጃችን ወስዳ ለእኛው አጎረሰችን። ትልቅ ነበር፤ አፋችንን ሞላው። ለመዋጥ ጊዜ ወሰደብን፤ መልስ ለመስጠትም አልቻልንም።

«ከበዳችሁ?» አለች።

ከብዶናል።